መጽሐፍ ቅዱስን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያነብ ሰው፦ ከየት ይጀመር፣ እንዴትስ ይነበብ?

ጥያቄ፦ መጽሐፍ ቅዱስ ከልጅነቴ ጀምሮ ሲጠቀስ እሰማለሁ እንጂ ራሴ አንብቤው አላውቅም። ሁለት ጊዜ ከዘፍጥረት ጀምሬ ሁለቱንም ጊዜ ዘሌዋውያን ላይ ስደርስ አቋረጥኩ። ከየት ብጀምር ይሻለኛል? የትኛውን ትርጉም ልያዝ? በቀን ምን ያህል ላንብብ? ያልገባኝንና የሚከብደኝንስ ምን ላድርገው? የማነበው ለማወቅ ብዬ ነው፤ እምነቴ ገና አልጠራም።

ምላሽ፦ ጤና ይስጥልኝ። በመጀመሪያ፣ ዘሌዋውያን ላይ ማቋረጥዎን እንደ ድክመት አይቁጠሩት። ይህን መጽሐፍ ባስተማርኩባቸው ዓመታት «ከዘፍጥረት ጀምሬ ነበር» ብለው ከመጡት ሰዎች ብዙዎቹ የቆሙት እርስዎ የቆሙበት ቦታ ላይ ነው፤ ካልሆነም ጥቂት ቀደም ብሎ፣ ዘጸአት 25ኛው ምዕራፍ ላይ ነው። እስከዚያ ድረስ ታሪኩ ራሱ አንባቢውን ይዞት ይሄዳል፤ አብርሃም ከአገሩ ይወጣል፣ ያዕቆብ የወንድሙን በረከት አታልሎ ይወስዳል፣ ዮሴፍ በገዛ ወንድሞቹ ይሸጣል፣ ሕዝቡም ከግብፅ ወጥቶ ባሕር ይሻገራል። ከዚያ በኋላ ግን የታቦቱ ርዝመት ሁለት ክንድ ተኩል፣ ወርዱ አንድ ክንድ ተኩል ይሁን የሚል የሥራ ዝርዝር ይመጣል፤ መጋረጃው፣ ሳንቃው፣ ቀለበቱ፣ መሎጊያው አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ከ35ኛው ምዕራፍ ጀምሮ ደግሞ አብዛኛው ዝርዝር «እንዲህ ተሠራ» ተብሎ እንደገና ይነገራል። ታሪክ ሊያነብ የተቀመጠ ሰው እዚህ ላይ ቢሰለች አይፈረድበትም። ስሕተቱ ያለው ከመነሻው ነው፤ ከመጀመሪያው ገጽ ተነሥቶ እስከ መጨረሻው በአንድ መስመር የሚወርድ አንድ ወጥ መጽሐፍ ይዣለሁ ብሎ መነሣት ነው።

በእጅዎ ያለው ቤተ መጻሕፍት ነው። በብዙ ቋንቋዎች የመጽሐፉ መጠሪያ የሆነው ስም የመጣው «ቢብሊያ» ከሚለው የግሪክ ቃል ሲሆን ትርጉሙም «መጻሕፍት» ማለት ነው። ቁጥራቸው እንደየቤተ ክርስቲያኑ ይለያያል፤ በፕሮቴስታንቶች ዘንድ 66፣ በካቶሊኮች 73፣ በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን 81 ናቸው። ብሉይ ኪዳን በአብዛኛው በዕብራይስጥ፣ ከዳንኤልና ከዕዝራ አንዳንድ ክፍሎች ደግሞ በአራማይክ፣ አዲስ ኪዳን በግሪክኛ ተጽፏል። ሕግ፣ ታሪክ፣ መዝሙር፣ ምሳሌያዊ አነጋገር፣ ትንቢትና ደብዳቤ ጎን ለጎን ተቀምጠውበታል፤ የተደረደሩትም በተጻፉበት ዘመን ቅደም ተከተል አይደለም። ለምሳሌ የጳውሎስ መልእክቶች በአመዛኙ የተቀመጡት ከረጅሙ ወደ አጭሩ ነው፤ የሮሜ መልእክት ፊት የቆመው ከሁሉ ቀድሞ ስለተጻፈ ሳይሆን ስለረዘመ ነው፤ 25 ቁጥር ብቻ ያለው የፊልሞና መልእክት ደግሞ ከጭራው ተቀምጧል። ቤተ መጻሕፍት የገባ ሰው ከመጀመሪያው መደርደሪያ የመጀመሪያውን መጽሐፍ አውርዶ በተራ ለመጨረስ አይነሣም፤ እንዲሁም ከየመጽሐፉ አንድ አንድ መስመር እየቀነጨበ አይወጣም። አንድ መጽሐፍ ይመርጣል፣ እርሱን ይጨርሳል፣ ከዚያም ወደ ሌላው ይሄዳል። ከዚህ ምላሽ አንድ ነገር ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይህን ይያዙ፦ የሚያነቡት ጥቅስ ሳይሆን ሙሉ መጽሐፍ ይሁን።

ምዕራፍና ቁጥር በዚህ ረገድ ያሳስታሉ። ዛሬ የምንጠቀምበት የምዕራፍ አከፋፈል የ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ሥራ ሲሆን ስሙ የሚያያዘው ከእንግሊዛዊው ሊቀ ጳጳስ ከስቲቨን ላንግተን ጋር ነው፤ የአዲስ ኪዳን ቁጥሮች ደግሞ የተሰጡት ሮበርት ኤስትየን የተባለ ፈረንሳዊ አታሚ እ.ኤ.አ. በ1551 ባሳተመው መጽሐፍ ነው። ጸሐፊዎቹ እነዚህን ድንበሮች አያውቋቸውም ነበር፤ አከፋፋዮቹም አንዳንድ ጊዜ ያለ ቦታው ቆርጠዋል። የዘፍጥረት የመጀመሪያው የፍጥረት ትረካ የሚያበቃው ምዕራፍ አንድ ሲያልቅ ሳይሆን ሰባተኛው ቀን በሚነገርበት በሁለተኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ ነው። ስለዚህ ቁጥሮቹ ቦታ ለማግኘት እንጂ ማንበብ ለማቆም አልተሠሩም፤ ምዕራፉ ስላለቀ ሳይሆን ነገሩ ስላለቀ ያቁሙ።

እንዴት ይነበብ ለሚለው ጥያቄዎ ከሁሉ የተሻለውን አርአያ የማገኘው ከራሱ ከመጽሐፉ ውስጥ ነው። በሐዋርያት ሥራ 8ኛው ምዕራፍ የኢትዮጵያ ንግሥት የህንደኬ ጃንደረባ በሰረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነባል። ፊልጶስ ቀርቦ የሚያነበውን ያስተውለው እንደሆነ ሲጠይቀው፣ የሚመራኝ ሳይኖር እንዴት ይቻለኛል ብሎ ይመልስለታል። ይህ መልስ ብዙ ጊዜ ይጠቀሳል፤ እኔን ግን ይበልጥ የሚገርመኝ ከዚያ ዝቅ ብሎ ያለው የጃንደረባው ጥያቄ ነው። «ነቢዩ ይህን ስለ ማን ይናገራል? ስለ ራሱ ነውን ወይስ ስለ ሌላ?» ይላል። «ይህ ለእኔ ሕይወት ምን ይለኛል?» በሚል አልጀመረም። ማን እንደሚናገር፣ ስለ ማን እንደሚናገር አስቀድሞ ለየ፤ ያልገባውንም ነጥብ በአንድ ዓረፍተ ነገር ለይቶ አስቀመጠ። በየመጽሐፉ ደጃፍ ላይ ይህንኑ ቢጠይቁ ብዙ ይጠቅምዎታል፦ የሚናገረው ማን ነው? የሚሰማውስ ማን ነው? ነገሩ ሲነገር ሰዎቹ በምን ሁኔታ ላይ ነበሩ?

ይህን ጥያቄ አለመጠየቅ የሚያስከትለውን ለማየት ኤርምያስ 29፥11ን ይውሰዱ። «ለእናንተ የማስባትን አሳብ እኔ አውቃለሁ» የሚለው ቃል በግድግዳ ላይና በመልካም ምኞት ካርድ ላይ የሚታይ ነው፤ አንባቢው ለነገ ጠዋት ጉዳዩ የተነገረ አድርጎ ይወስደዋል። ምዕራፉን ከመጀመሪያው ሲያነቡት ግን በባቢሎን ለተማረኩ ሰዎች ከኢየሩሳሌም የተላከ ደብዳቤ ሆኖ ያገኙታል። ደብዳቤው ቤት ሥሩ፣ አትክልት ትከሉ፣ ልጆቻችሁን ዳሩ፣ ለተማረካችሁባት ከተማ ሰላም ጸልዩ ይላቸዋል፤ ምክንያቱም መመለሱ ሰባ ዓመት ይፈጃል። በጉልምስና የተማረከ ሰው ይህን ሲሰማ እርሱ ራሱ እንደማይመለስ ይገባዋል። ተስፋው በዚህ አልተሻረም፤ ነገር ግን ለልጅ ልጅ የተሰጠ፣ ትዕግሥት የሚጠይቅ ተስፋ ሆኗል፤ ለእኔ እንዲያውም ከካርዱ የበለጠ ክብደት አለው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄዎ ልምጣ። ከየት ይጀመር ሲባል ብዙ አስተማሪዎች የዮሐንስን ወንጌል ይጠቁማሉ። የእኔ ምርጫ የማርቆስ ወንጌል ነው። 16 ምዕራፍ ብቻ ያለው፣ ከአራቱ ወንጌላት አጭሩ ነው፤ ድምፅዎን አሰምተው ቢያነቡት እንኳ በአንድ መቀመጫ ያልቃል። ከማጠሩም በላይ ለማያውቅ ሰው ያስባል። 7ኛው ምዕራፍ ላይ አይሁድ እጃቸውን ሳይታጠቡ እንደማይበሉ ቆም ብሎ ያስረዳል፤ «ጣሊታ ቁሚ» የሚል የአራማይክ ቃል ሲጠቅስ ትርጉሙን አስከትሎ ይጽፋል። ነገሩን ከሩቅ ለሚሰማ አንባቢ የተጻፈ መሆኑ ከዚህ ይታወቃል፤ እርስዎም እንዲህ ያለ አንባቢ ነዎት። ዮሐንስ ግን «በመጀመሪያ ቃል ነበረ» ብሎ ይነሣል፤ ዘፍጥረትን የሚያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ የሚደነቅበት ነገር አለ፤ ያላነበበው ግን ዝም ብሎ ያልፈዋል። ዮሐንስ ቢቆይልዎ ይሻላል።

ማርቆስን ሁለት ጊዜ ያንብቡት። አንዱን ጊዜ በፍጥነት፣ ሁለተኛውን በዝግታ። ዝግታ ስል ምን ማለቴ እንደሆነ በ5ኛው ምዕራፍ ላሳይዎ። ኢያኢሮስ የተባለ የምኩራብ አለቃ ኢየሱስ እግር ላይ ወድቆ ልትሞት ስላለች ትንሽ ልጁ ይለምናል። አብረው ሲሄዱ፣ ሕዝቡ ሲጋፋ፣ ደም የሚፈስሳት አንዲት ሴት ከኋላ መጥታ ልብሱን ትነካለች፤ ኢየሱስም ይቆማል፤ ማን ነካኝ ብሎ ይጠይቃል። ንግግሩ ሳያልቅ ልጅቱ ሞታለች የሚል መልእክት ይደርሳል። በፍጥነት ያነበበ ሰው ሁለት ተአምራት ቆጥሮ ያልፋል። በዝግታ የሚያነብ ግን ሴቲቱ የታመመችው አሥራ ሁለት ዓመት፣ የልጅቱም ዕድሜ አሥራ ሁለት ዓመት መሆኑን ያያል፤ አንዷ በተወለደችበት ጊዜ ሌላዋ መታመም ጀምራለች። አለቃው ስምና ማዕረግ አለው፤ ከፊት ሆኖ በሰው መካከል ይለምናል። ሴቲቱ ስም የላትም፤ ከኋላ ሆና፣ ቃል ሳትተነፍስ ትነካለች። ልጅቱ የሚለምንላት አባት አላት፤ ለሴቲቱ የሚናገርላት ሰው በታሪኩ ውስጥ የለም። ኢየሱስ ያቺን ሴት የጠራበት ቃል ደግሞ «ልጄ ሆይ» የሚል ነው። ይህን ሁሉ ያየሁት የተለየ እውቀት ስላለኝ አይደለም፤ ማንኛውም ሰው ሁለቱን ታሪኮች ሳይነጣጥል ቢያነባቸው ያገኘዋል። እግረ መንገድዎን፣ ሴቲቱ ስትናገር ኢያኢሮስ ቆሞ ሲጠብቅ ምን ይሰማው እንደነበር ይጠይቁ፤ ማርቆስ አይነግርዎትም።

ከማርቆስ በኋላ ወደ ዘፍጥረት ይመለሱና ሃምሳውንም ምዕራፍ ያንብቡ፤ ዘጸአትን እስከ 20ኛው ምዕራፍ ይቀጥሉ፣ የወርቅ ጥጃው ታሪክ ያለበትን ከ32 እስከ 34 ጨምረው ይለፉ። ስለ አምልኮው ድንኳን አሠራር የሚዘረዝረው ክፍል ይቆይ። ቀጥለው አራት አራት ምዕራፍ ያላቸውን ሩትንና ዮናስን፣ ከዚያም ሁለቱን የሳሙኤል መጻሕፍት ያንብቡ። በመጨረሻም ሉቃስንና የሐዋርያት ሥራን አንድ ላይ ይያዙ፤ ሁለቱም ቴዎፍሎስ ለሚባል ሰው የተጻፉ የአንድ ሥራ ሁለት ክፍሎች ናቸው፤ በብዙ እትሞች ዮሐንስ መካከላቸው ስለገባ ይህ አይታይም። የዮሐንስን ራእይና ሕዝቅኤልን ለኋላ ይተዉአቸው። እኔ በወጣትነቴ በጉጉት ከራእይ ጀምሬ የተረፈኝ ፍርሃትና ግምት ብቻ ነበር፤ መጽሐፉ ከዳንኤል፣ ከዘካርያስና ከዘጸአት በተወሰዱ ሥዕሎች የተሞላ መሆኑን ያወቅሁት ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው።

መዝሙረ ዳዊትን ግን በዚህ ተራ አያስገቡት፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ከሌላው ጎን ለጎን በቀን አንድ አንድ እየወሰዱ ያንብቡት። መዝሙር ስለሆነ እንደ ማብራሪያ አይነበብም። የዕብራይስጥ ግጥም ዋና ስልቱ አንዱን አሳብ በሁለት ሐረግ መላልሶ ማሰማት ነው፤ «ሰማያት የእግዚአብሔርን ክብር ይናገራሉ፥ የሰማይም ጠፈር የእጁን ሥራ ያወራል» ሲል ሁለተኛው ሐረግ የመጀመሪያውን ያስተጋባል። ሰምና ወርቅ የለመደ ጆሮ እዚህ ላይ በየቃሉ የተሰወረ ወርቅ ልፈልቅቅ ብሎ ሊደክም ይችላል፤ የዚህ ግጥም ውበት በመሰወር ሳይሆን በማስተጋባት ነው። አንድ ተጨማሪ ነገር፦ የመዝሙሮቹ ቁጥር በዕብራይስጡና በግሪኩ አቆጣጠር አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ይለያያል። «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» የሚለው በአንዱ እትም 23ኛ፣ የግሪኩን ቁጥር በሚከተለው በግእዙ ዳዊት 22ኛ ሆኖ ቢያገኙት የማተሚያ ስሕተት አይምሰልዎ።

ስለ ትርጉም ብዙ አልጨነቅም። የ1954 ዓ.ም. ትርጉም ከበድ ያለና የቆየ አማርኛ ቢሆንም በሰው አፍ ውስጥ ያለው ጥቅስ በአብዛኛው ከእርሱ የመጣ ነው፤ አዲሱ መደበኛ ትርጉም ዓረፍተ ነገሩን በዛሬ አማርኛ ስለሚያስኬደው ለረጅም ንባብ ይቀላል። ቀላሉን ለንባብ ያድርጉት፤ አንድ ቦታ ላይ ሲደናቀፉ ሌላውን ይክፈቱ። ሁለቱ የሚለያዩበት ቦታ አብዛኛውን ጊዜ የመነሻው ቃል ከአንድ በላይ ትርጉም የሚቀበልበት ቦታ ነው፤ ልዩነቱ ራሱ መረጃ ይሰጥዎታል።

የሚከብድዎ ነገር ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱን ከሌላው ይለዩ። የመጀመሪያው፣ መጽሐፉ የሚተርከውን ሁሉ እንደሚያጸድቅ ከመቁጠር የሚመጣ ነው። መጽሐፈ መሳፍንት 19ኛው ምዕራፍ ላይ ከሚነበበው ግፍ የሚከፋ ነገር ማግኘት ያስቸግራል፤ ተራኪው ቆም ብሎ በድርጊቱ ላይ ፍርድ አይሰጥም፤ መጽሐፉ ግን የሚዘጋው በዚያ ዘመን ንጉሥ እንዳልነበረና ሰው ሁሉ ለራሱ መልካም መስሎ የታየውን ያደርግ እንደነበረ በመግለጽ ነው። ፍርዱ ያለው እዚያ ነው። ዳዊት የኦርዮን ሚስት ወስዶ ባሏን ሲያስገድል በሁለተኛ ሳሙኤል 11 የምናየውም ይኸው ነው፤ ተራኪው ምዕራፉን ሙሉ ዝም ብሎ ቆይቶ በመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ብቻ ሥራው በእግዚአብሔር ፊት ክፉ እንደነበረ ይናገራል። ሁለተኛው ዓይነት ግን በዚህ መንገድ አይፈታም። በመጽሐፈ ኢያሱ ከተሞች እንዲጠፉ የታዘዘበትን ክፍል አንብቦ የማይታወክ ሰው በደንብ አላነበበም ብዬ አስባለሁ፤ አማኞችም ሊቃውንትም ለብዙ ዘመናት ተከራክረውበታል። በመጀመሪያ ንባብዎ ይህን ፈትቼ ካልጨረስኩ አልቀጥልም አይበሉ። በደብተር ላይ ቦታውንና ጥያቄውን ጽፈው ይለፉ።

ተመሳሳይ ነገር በወንጌላት መካከል ያሉ ልዩነቶች ላይ ይገጥምዎታል። በመስቀሉ ላይ የተጻፈውን ጽሕፈት አራቱም ይጠቅሱታል፤ ማርቆስ «የአይሁድ ንጉሥ» ብሎ ሲያሳጥረው ዮሐንስ ደግሞ «የናዝሬቱ ኢየሱስ» የሚለውን ይጨምርበታል። አራት ምስክሮች ቃል በቃል አንድ ዓይነት ቢናገሩ ዳኛው ተመካክረዋል ብሎ ይጠረጥር ነበር። ልዩነቱን ሲያገኙ ለማስታረቅ ከመቸኮልዎ በፊት ይህኛው ወንጌላዊ ለምን በዚህ መልክ ነገረን ብለው ይጠይቁ።

ስለ መጠኑ፦ 66ቱ መጻሕፍት 1,189 ምዕራፎች ስላሏቸው በቀን ሦስት ወይም አራት ምዕራፍ የሚያነብ ሰው በዓመት ይጨርሳቸዋል። ለመጀመሪያ ንባብ ይህን አልመክርም፤ ሰው ቀን እንዳያመልጠው ሲል ዓይኑን ብቻ በገጹ ላይ ማስኬድ ይጀምራል። አንድ ቀን የዮሴፍን ታሪክ ሙሉውን፣ ሌላ ቀን አሥር ቁጥር ብቻ ቢያነቡ ምንም ክፋት የለውም። አንድ ሳምንት ቢያመልጥዎ ያመለጠውን ለመድረስ አይሩጡ፤ ካቆሙበት ይቀጥሉ።

እምነትዎ ያልጠራ መሆኑ ከማንበብ አያግድዎትም፤ ጃንደረባውም የጠየቀው ከመጠመቁ በፊት ነው። አማኝ ጸልዮ ያነባል፤ እርስዎ ደግሞ ቢያንስ ጸሐፊዎቹ ሊያሳምኑዎት እንደሚናገሩ አውቀው ያንብቡ። ዮሐንስ 20፥31 ላይ ታምኑ ዘንድ ተጻፈ ብሎ በግልጽ ያስቀምጠዋል። አሳባቸውን ሳይደብቁ ከሚናገሩ ሰዎች ጋር መነጋገር ይቀላል፤ መቀበልም መቃወምም የሚቻለው ግን ሰምተው ከጨረሱ በኋላ ነው። ከተቻለ የሚያነብ አንድ ሰው ይፈልጉ፤ በየሁለት ሳምንቱ ተገናኝታችሁ ደብተር ላይ የተጻፉትን ጥያቄዎች ብትወያዩባቸው ብቻዎን ከሚያገኙት የበለጠ ያገኛሉ። አብሮዎት የሚያነበው ሰው ለሁሉም ጥያቄ ወዲያው መልስ ካለው ግን ሌላ ሰው ይፈልጉ።

አሁን ሁለት ጊዜ ወዳቆመዎት ወደ ዘሌዋውያን ልመለስ። ማርቆስ 12 ላይ ኢየሱስ ከትእዛዛት ሁሉ የሚበልጠው የትኛው እንደሆነ ተጠይቆ ሁለት ሲጠቅስ፣ ሁለተኛው «ባልንጀራህን እንደ ራስህ ውደድ» የሚል ነው። ይህ ቃል የተወሰደው ከዘሌዋውያን 19፥18 ነው። ሩት 2ኛው ምዕራፍ ላይ ያቺ ባዕድ ሴት በሰው እርሻ ገብታ ቃርሚያ ስትለቅም ያገኟታል፤ እንዲህ እንድታደርግ የሚፈቅደው ሕግ፣ የእርሻችሁን ዳር ፈጽማችሁ አትጨዱ፣ ለድሀና ለእንግዳ ተዉለት የሚለው፣ በዚያው 19ኛ ምዕራፍ ቁጥር 9ና 10 ላይ አለ። ስለዚህ ከላይ የዘረዘርኳቸውን አንብበው ሲጨርሱ ዘሌዋውያንን ከምዕራፍ አንድ ሳይሆን ከምዕራፍ 19 ይክፈቱት፤ ከዚያ በኋላ ወደ መጀመሪያው ይመለሱ። ባልንጀራን ስለ መውደድ ከሚናገረው ቁጥር ቀጥሎ ያለው ቁጥር ከሁለት ዓይነት ነገር የተሠራ ልብስ እንዳይለበስ ይከለክላል፤ ሁለቱ ለምን ጎን ለጎን እንደተቀመጡ በደብተርዎ ላይ ይጻፉት።